አርባ ኪሎ

መስከረም 14

ለአጎቴ ልጅ፣ ለልብስ ሰፊው፤

አንተና ቤትህ እንዴት ከረማችሁ? ያቺ ስፌት መኪናህስ አሁንም ታጉረመርማለች? እኔ ከእግሬ ማበጥ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ቀኑን ሙሉ ካውያ ይዞ ለሚቆም ሰው የእግር እብጠት በሽታ ተብሎ አይወራም።

በስልክ ያልነገርኩህ ወድጄ አይደለም። እዚህ የምንተኛው ስምንት ሴቶች በአንድ ክፍል ነው፤ የስምንታችንም ቋንቋ አንድ ነው። ስልክ ሳነሳ ሰባቱ ትንፋሻቸውን ውጠው ያዳምጣሉ። ስለዚህ ቁም ነገር በወረቀት ብቻ ይሁን። አንብበህም ቅደደው።

ቁም ነገሩ ይኸውልህ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሆቴሉን አንሶላና መጋረጃ ስተኩስ ኖሬ፣ ከስንት ልመና በኋላ አለቃችን እህቴን ትንሿን ካውያ ክፍል ሊያስገባልኝ እሺ አለ። ወረቀቷ ተጀምሯል። ምርመራው ጥር መጨረሻ ላይ እዚያው እናንተ ከተማ ባለው ኤጀንሲ ነው፤ ሳንባ በራጅ ይታያል፣ ደም ይቀዳል፣ ኪሎ ይለካል። ያንን ካለፈች የሚቀራት የአውሮፕላን ወንበር ብቻ ነው። እናታችን ስትሞት ትንሿን በእኔ ላይ ጥላት ነው የሞተችው፤ አልጋው አጠገብ ቆመህ የሰማህ አንተ ነህ።

ታዲያ ከእናንተ ሰፈር የመጣች አንዲት ሴት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ትንሿ ከስታለች፣ ታስላለችም» አለችኝ። ሰው ፊት ስለሆንን «ጉንፋን ይሆናል» ብዬ ሳቅሁ፤ ሌሊቱን ግን ቁጭ ብዬ ይህን እጽፍልሃለሁ። ቁመቷን በሙሉ የሚያሳይ ፎቶ ላክልኝ። እውነቱንም ጻፍልኝ፣ አታድበስብስብኝ።

እትዬህ

*

ጥቅምት 3

ለተከበሩ እትዬ፤

ደብዳቤዎን ሦስቴ አነበብኩት፤ እንዳሉኝም ቀደድኩት። እግርዎን ፈጣሪ ያቅልልዎ፤ ቆመው የደከሙበትን ቁጭ ብለው የሚበሉበት ዘመን ያምጣልዎ።

እውነቱን ጻፍ ስላሉኝ እጽፋለሁ። የትንሿ ጉንፋን አይደለም፣ የሳንባ ነቀርሳ ነው። ነሐሴ ላይ ሳሉ አልለቅ ብሏት ላቡም አንሶላ ማራስ ሲጀምር፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ወዳለው ጤና ጣቢያ ይዣት ተሻገርኩ። አክታዋን መርምረው ወዲያው ኪኒን አስጀመሯት። አይደንግጡ፣ ይድናል። ስድስት ወር ሳይቋረጥ ከተዋጠ ይድናል። ነርሷ ይህን ስትነግረኝ ጣቷን ዓይኔ ውስጥ ልትከት ምንም አልቀራት። «ስድስት ወር ማለት ስድስት ወር ነው፤ አንድ ቀን ዛሬ፣ አንድ ቀን ነገ እየተባለ ከተዘለለ በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል» አለችኝ።

በየቀኑ ጠዋት ትሻገራለች፣ ነርሷ ፊት ትውጣለች፣ አፏን ከፍታ ታሳያለች፣ ከዚያ ካርዷ ላይ ምልክት ይደረጋል። ጣጣው፣ ጤና ጣቢያው የሚከፍተው በሦስት ሰዓት ነው፤ ትንሿ የምትሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ደግሞ በሁለት። ሁለት ሳምንት አርፍዳ ስትገባ ባለቤቱ «አንቺ እዚህ የምትመጪው ለጥየቃ ነው ወይ?» ብሎ አሰናበታት። አላለቀሰችም። «ጋሼ፣ ከእንግዲህ እንደ ልቤ ማሳል እችላለሁ» ብላኝ ሳቀች። ኪኒኑ በባዶ ሆድ ያጥወለውላታል፤ ቢሆንም አንድ ቀን አልዘለለችም። ሳሉ ቀንሷል። ሠላሳ ስምንት ኪሎ የነበረችው ሠላሳ ዘጠኝ ገብታለች፤ ነርሷ «ሥጋ እየገዛሽ ነው» ትላታለች።

ቀን ከልጄ ጋር ቁልፍ ይተክላሉ። ሁለቱ አንድ አልጋ ላይ ስለሆነ የሚተኙት፣ ሚስቴ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ያለ ሳቅ በዚህ ቤት ተሰምቶ አያውቅም።

አንድ ልመና አለኝ። ኪኒኑ የሚያልቀው የካቲት መጨረሻ ነው። ምርመራውን ወደ መጋቢት ቢያስገፉልን ንጹሕ ሆና ትቀርባለች። ፎቶውን ትንሽ ሞላ ስትል እልካለሁ።

ታዛዥዎ

*

ጥቅምት 26

ለአጎቴ ልጅ፤

ጤና ይስጥህ ልል ነበር፤ ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ግን ማስተዋል ይስጥህ ብዬ ልጀምር።

ፊት ለፊት? ጤና ጣቢያው ደጃፍ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚሰለፈውን ሰው ድፍን ሰፈሩ በረንዳው ላይ ተቀምጦ እንደሚቆጥር ረሳኸው? አንተ ልጅቷን በጠራራ ፀሐይ አንጠልጥለህ «ይቺውላችሁ» አልካቸው! የኤጀንሲው ሰው ወሬ ያጣራል፤ ጎረቤት ይጠይቃል። አንዷ ምላሷ ካመለጣት ወረቀቱ አለቀለት። ምርመራውን ግፊው ትለኛለህ፤ ይህ እኮ ቀሚስ አይደለም፣ ሲጠብ የሚለቀቅ። እኔ ለአለቃዬ «እህቴ ነቀርሳ ይዟታልና ይጠብቋት» ልበለው? እኔንም በዚያው ያስወጣኛል። የራስህን ነገርስ አስበኸዋል? ሳል ካለበት ቤት ማን የልጁን ቀሚስ ያሰፋል?

ደግሞ በስድስት ወር አታስፈራራኝ። ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርህ። ከመምጣቴ በፊት ክረምቱን ሙሉ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቼ ያሳለኝ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ብርድ ነው አልኳችሁ። ብርድ አልነበረም። ይህንኑ ኪኒን ሁለት ወር ዋጥኩ፣ ሳሉ ጠፋ፣ ጉዞዬ ደረሰ፣ ተውኩት። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ቆሜ እሠራለሁ። ስድስት ወር የሚሉት ነርሶቹ ሥራ እንዳይፈቱ ነው።

ካርዷን ከዚያ አውጣ። ከከተማው ዳር ማንም የማያውቃት ጤና ጣቢያ አዛውራት። የምትቀመጥበት ቤት የማን እንደሆነ ላስታውስህ አልፈልግም። አየህ፣ አላስታወስኩህም።

እትዬህ

*

ኅዳር 20

ለተከበሩ እትዬ፤

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስ፤ ቁጣዎንም ፈጣሪ ያብርደው።

እንዳሉት አደረግሁ። የፊት ለፊቷ ነርስ «መንገድ ተሻግራ የምትውጥ ልጅ ምን ሩቅ ያስኬዳታል?» ብላ አፋጠጠችኝ። ቤት ልንቀይር ነው አልኳት። የመዛወሪያውን ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝና በመስኮቱ በኩል በሬን ስታይ ዋለች። አሁን እንኳ ልብስ ሳሰጣ አንገቴን ደፍቼ ነው።

አዲሱ ጤና ጣቢያ ሁለት አውቶቡስ ያስይዛል። በመጀመሪያው ሳምንት ትንሿ በየቀኑ ሄደች። መንገድ ላይ ስታስል አጠገቧ ያለችው ሴት ልጇን አንስታ ሌላ ወንበር ሄደች፤ የዚያን ቀን አኩርፋ ገባች፣ ምሳም አልበላችም። በሁለተኛው ሳምንት እዚያ ያለችው ነርስ አዘነችላት። ሰው በዝቶባታል መሰለኝ፣ «የሳምንቱን እየወሰድሽ ቤትሽ ዋጪ፤ ግን ስትውጪ የሚያይና ካርዱ ላይ ምልክት የሚያደርግ ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ይፈርም» አለች። ፈረምኩ። አሁን ነርሷ እኔ ነኝ ማለት ነው፤ ነጭ ጋዋን ብቻ ቀረኝ።

ሁለት መቶ የፋብሪካ ቱታ ይዤ ነው ያለሁት። ጠዋት መኪናዋ ላይ እንዳቀረቀርኩ «ዋጥሽ?» እላለሁ፤ «ዋጥኩ፣ ጋሼ» ትላለች፤ ምልክት አደርጋለሁ። ነገር ግን እትዬ፣ ኪሎዋ ወደ ታች ወረደ። ሠላሳ ስድስት ሆናለች። መንገዱ ነው፣ ሥራ መፍታቱም ነው። ነርሷ «በሚቀጥለው ካልጨመርሽ መድኃኒቱ እየሠራ መሆን አለመሆኑን የሚያሳይ ሌላ ምርመራ እልክሻለሁ» ብላታለች። እኔ ፈርቻለሁ። ወደ ፊት ለፊቱ ልመልሳት? እሺ ይበሉኝ።

ታዛዥዎ

*

ታኅሣሥ 5

ለአጎቴ ልጅ፤

ፈጣሪ ለአንተ ድፍረት ለእኔ ትዕግሥት ያድለን።

ሠላሳ ስድስት! አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ሃምሳ ኪሎ ነው፤ እህቴ ከሲሚንቶ አነሰችብኝ። አትመልሳት። ሌላ ምርመራ የሚባለውንም አልሰማም፤ አንድ ወረቀት በወጣ ቁጥር አንድ አፍ ይከፈታል።

አሁን በደንብ አድምጠኝ። የኤጀንሲውን ሰው አጠያየቅሁ። ከአርባ ኪሎ በታች የሆነች ሴት ካውያ አትችልም ተብላ ከበሩ ትመለሳለች። ራጁን ለእኔ ተወው፤ የሚያነሳውን ሰው የሚያውቅ ሰው አግኝቻለሁ። ሚዛኑ ላይ ግን ማንም ሊዋሽልኝ አልቻለም፤ ሰው ሁሉ እያየ ነው የሚመዝኑት። ካፖርትና ጫማ ያስወልቃሉ፤ ቀሚስ ግን አያስወልቁም።

የሆቴሉ መጋረጃዎች እስከ መሬት የሚወርዱ ናቸው። ነፋስ እንዳያወዛውዛቸው ጫፋቸው ውስጥ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ከባድ ብረት ይገባል፤ ሲታጠቡ እናወጣዋለን፣ ተተኩሰው ሲያልቁ እንመልሰዋለን። አሮጌዎቹን ሲጥሉ ብረቱን ሰበሰብኩት። አምስት ኪሎ ነው። ይህን ደብዳቤ የምታመጣልህ ሴት ይዛዋለች፤ ምንድነው ካለችህ የበር መጋረጃ ልሰፋበት ነው በላት።

የቀረውን አልነግርህም። ልብስ ሰፊው አንተ ነህ።

እትዬህ

*

ጥር 2

ለተከበሩ እትዬ፤

እንኳን ደስ ያለዎት ብዬ ልጀምር፤ ዕድሜ ይስጥዎ፣ እጅዎንም ቁርጥማት አይንካው።

ሥራ ማለት ይህ ነው! ብረቱን በየቁራጩ ፈታሁት። እንዳይንኳኳ በጥጥ ጠቀለልኩት። ግማሹን በጉርዷ እጥፋት፣ ግማሹን በወገቧ ዙሪያ ከገበሩ ሥር አስገባሁና በእጄ ሰፋሁት፤ በመኪና ቢሆን ይጨማደድ ነበር። የሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፊ ቢዳብሰው አያገኘውም። ትንሿ ለብሳው ስትዞር «ጋሼ፣ ዛሬ ገና መሬት ይዤ ቆምኩ» አለች። ልጄ በሳቅ ፈረሰች።

ኤጀንሲ ከመሄዷ በፊት ልሞክረው ብዬ፣ በክብደት ቀኗ ወደ ሩቁ ጤና ጣቢያ ለብሳው ሄደች። አርባ አንድ! ነርሷ ከወንበሯ ብድግ አለች። ካርዱን አየች፣ አንድም ቀን አልተዘለለም። «ሰው ሁሉ እንዳንቺ ቢሆን እኔ በጊዜ ቤቴ እገባ ነበር» አለቻት። ሌላ ምርመራ የተባለውም ቀረ። እንዲያውም የሁለት ሳምንቱን ኪኒን በአንዴ ሰጠቻት። ደግሞ ኪኒኑ የሚታደለው በኪሎ ኖሮ፣ ከአርባ በላይ ስለሆነች በቀን ሁለት የነበረው ሦስት ሆነላት። መድኃኒት መጨመሩ መቼም አይከፋም።

ሦስት ከሆነ ወዲህ ትንሽ ያስመልሳታል። ፊቷም ብጫ ብጫ ብሏል፤ ቤት መዋሉ ይሆናል። ፎቶው ይኸው።

ታዛዥዎ

*

ጥር 25

ለአጎቴ ልጅ፤

ዓይኔ በራ! ፈጣሪ እጅህን ይባርከው።

ፎቶውን ከአልጋዬ ራስጌ ለጠፍኩት። ሰባቱም «ቆንጆ ናት» አሉ። አንዷ «ዓይኗ ብጫ ነው» አለች፤ ፎቶው ነው አልኳት። ፎቶ አንሺህ ርካሽ ነው፣ ቀይረው።

ምርመራው ወደ የካቲት 20 ተገፍቷል፤ አልጋዋን ከእኔ በላይ ያለውን አስለቅቄላታለሁ፣ የካውያ ክፍሉንም ጋዋን ተቀብያለሁ። አሁን የመጨረሻ ትእዛዝ። ያ ኪኒን ሽንት እንደሚያቀላ አውቃለሁ፤ በእኔ ደርሷል። እዚያ ደግሞ ሽንት ይወስዳሉ። ስለዚህ ከየካቲት መባቻ ጀምሮ ታቁም። አምስት ወር ከዋጠች በእኔ ጊዜ ከዋጥኩት ሁለት እጥፍ አልፋለች፣ ይበቃታል። ስትመጣ የምትፈልገው ካለ ጠይቃትና ጻፍልኝ።

እትዬህ

*

የካቲት 28

ምን ሆናችሁ?

ኤጀንሲው ትንሿ በቀኗ አልቀረበችም አለኝ። ስልክህ አይነሳም። ልጅህም አታነሳም። አለቃዬ ፊት ምን ብዬ እንደቆምኩ ታውቃለህ? ባል አገኘች እንዴ? ወይስ አንተ ቁልፍ የሚተክልልህ ሰው እንዳይጠፋ አስቀረሃት? ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ቀን መልስ ካልጻፍክ ከቤቴ ትወጣለህ። ሌላ ቃል የለኝም።

*

መጋቢት 15

እትዬ፤

ፈጣሪ ያጽናሽ። አንቺ ማለቴን ይቅር በይኝ፤ ዛሬ «እርስዎ» ከአፌ አልወጣ አለኝ።

ትንሿ የካቲት 11 ቀን ከሰዓት በኋላ አረፈች። ቀብረናታል።

ሁሉንም ልንገርሽ። ሦስት ኪኒን ከተደረገላት ቀን ጀምሮ የዋጠችውን ሁሉ ታስመልሰው ነበር። ሁለት ሳምንት ታገለች። ከዚያ መዋጥ ተወች፤ ኪኒኖቹን የቁልፍ ቆርቆሮው ውስጥ ትጥል ነበር፣ ልጄ ነች ያገኘቻቸው። እኔስ? እኔ የጥርን ካርድ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ እስክርቢቶ፣ ሠላሳውንም ቀን ምልክት አድርጌ ጨርሼዋለሁ። ቱታው ተቸኩሎብኝ ነበር። «ዋጥሽ?» ማለቱንም ትቼው ነበር።

ጥር መጨረሻ ላይ ደም ተፋች። ትልቁ ሆስፒታል አስገባኋት። የራሳቸውን ልብስ አልብሰው መዘኗት፤ ሠላሳ ሦስት ኪሎ። ዶክተሩ ካርዱን እያየ «አርባ አንድ የሚለው ምንድነው? ለዚህች ልጅ ማነው ሦስት ያዘዘላት? ጉበቷን እኮ ጨርሶታል» አለ። ጎኗ ቆሜ ነበር። ጉርዷ በፌስታል ተጠቅልሎ እጄ ላይ ነበር፤ ክንዴ እስኪዝል ከብዶኝ ነበር። በሩቁ ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ናት ብዬ ፌስታሉን ከኋላዬ ደበቅሁ። ጠርተው አዋረዷት አሉ። ጉበቱ ኪኒን አይችልም፣ ሳንባው ያለ ኪኒን አይድንም፤ እያለ እያለ አለቀች።

የጥር ደብዳቤሽ አልጋ ላይ ሳለች ነው የደረሰን። አነበብኩላት። አቁሚ የሚለው ጋ ስደርስ «እታለም ሳታዘኝ ታዝዣታለሁ» አለችና ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ከዚያ ያዘችኝ። «ጋሼ፣ እስከ ሃያ ድረስ ብሞትም እንዳትነግራት። እስከዚያ ትደሰት። አልጋ አስለቅቃልኛለች እኮ» አለች። ስለዚህ እስከ ሃያ አልጻፍኩልሽም። ከሃያ በኋላ ያልጻፍኩት ግን ፈርቼሽ ነው።

መሄድ አትፈልግም ነበር፣ እትዬ። አንድም ቀን ጠይቀናት አናውቅም። ለልጄ ነግራት ኖሯል፤ የራሷ ፎቶ ኮፒ ቤት እንዲኖራት ነበር የምትመኘው፤ በሁለት ሰዓት ሳይሆን በአራት ሰዓት የሚከፍት።

የአጎትሽ ልጅ

*

ሚያዝያ 6

ለአጎቴ ልጅ፤

ፈጣሪ ነፍሷን ያሳርፍ። ለአንተ የምመኝልህን አልጽፈውም።

ገደልካት። አንድ ሥራ ሰጠሁህ፤ ስትውጥ ማየት! ቱታ በለጠብህ። እኔ ብረቱን ለኤጀንሲው ሚዛን ላክሁልህ፤ ጤና ጣቢያ ለብሳ ትሂድ አልኩህ? እያንዳንዱ ደብዳቤዬ እጅህ ላይ ካለ አውጣና አሳየኝ። ቅደድ ስልህ ቀድጄዋለሁ ብለሃል። ስለዚህ የለህም።

ሦስት ቀን ካውያ አልያዝኩም። በአራተኛው ቀን አለቃዬ መጥቶ «አዝናለሁ፣ ግን ቦታው ክፍት ነው፤ ሌላ ዘመድ ካለሽ ጥሪ፣ ከሌለሽ ለሌላ እሰጠዋለሁ» አለኝ። አሰብኩበት። ልጅህ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷታል። ትንሿ የሞተችበትን ወረቀት ለማንም ካላሳየህ የሥራ ፈቃዷ አልሞተም። ፎቶ ላይ ሁለቱ ብዙም አይለያዩም። በትንሿ ስም ትመጣለች። እህቴን ወሰድክብኝ፤ ልጅህን ስጠኝ። ይህ ፍርድ ነው፣ ልመና አይደለም።

እምቢ ካልክ እስከ ግንቦት መጨረሻ ቤቴን ልቀቅ።

እትዬህ

*

ሚያዝያ 30

እትዬ፤

ካለሽበት ሰላም ይድረስሽ፤ ከልቤ ነው።

ልጄን አልሰጥሽም። ብሰጥሽም አትጠቅምሽም። ከቀብሩ በኋላ እሷም ማሳል ጀመረች። አንድ አልጋ ነበር የሚተኙት። በዚህ ጊዜ ፊት ለፊት ተሻገርኩ። ያቺ ነርስ አየችኝና ወንበር ሳበችልን። አክታዋ ላይ ተገኘ። ሚያዝያ 11 ቀን ጀመረች። ዛሬ ሃያኛ ቀኗ ነው።

ወደ ሩቁም ጤና ጣቢያ ሄጄ ስለ ጉርዱ ለዚያችኛዋ ነርስ ነገርኳት። አልጮኸችብኝም። «እኔ እኮ ያቺን ልጅ ለሌሎቹ በሽተኞች እንደ ምሳሌ እነግራቸው ነበር» አለችና በሩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

አሁን በየቀኑ ሦስት ሰዓት ላይ ልጄን እጇን ይዤ በመንገዱ መካከል እሻገራለሁ። በረንዳው ሁሉ ያያል። ይይ። ደንበኞቼ ልብሳቸውን ሳይሰፋ መልሰው ወስደዋል፤ አንዷ በዱላ አንስታ ነው የወሰደችው። መኪናዋ ሥራ ፈታ። የምንበላው ከነገ ወዲያ አይታወቅም። ልጄ ግን በእኔ ዓይን ፊት ትውጣለች፤ አፏን ትከፍታለች፤ ምላሷን አንስታ ታሳየኛለች። «አባ፣ አሁንስ ጥርሴን ቆጥረህ ጨረስክ» ትለኛለች። ምልክቱን የምታደርገው ነርሷ ናት፤ እኔ እስክርቢቶ አልነካም።

አንቺም ተመርመሪ። ክረምቱን ከመጋረጃው ጀርባ ስትስይ እቅፍሽ ውስጥ የምትተኛው ትንሿ ነበረች፤ ያኔ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ይህን የምጽፈው ልወጋሽ አይደለም። እዋሻለሁ፤ ትንሽ ልወጋሽም ነው።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፣ በጉልበቴ ነው። ግንቦት ላይ ውጣ አትበይኝ። ያለ ቤት የት ወድቀን፣ የትኛው ጤና ጣቢያ ተሰልፈን እንደምንቀጥለው አላውቅም፤ አንዴ ከዞርን የሚቋረጥ ይመስለኛል። አምስት ወር ከአሥር ቀን ስጪን። ከዚያ ቁልፉን ለላክሽው ሰው አስረክቤ እወጣለሁ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።

የአጎትሽ ልጅ

*

ግንቦት 18

ለአጎቴ ልጅ፤

ለልጅህ ምሕረት ይላክላት።

ደብዳቤህን አንብቤ ቀድጄዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ከላይ ባለው አልጋ አዲስ የመጣችው ልጅ ሌሊት ሌሊት ማሳል ጀምራለች፤ ብርድ ነው ብያታለሁ፤ የላብሽን አንሶላ ለብቻ እጠቢ አልኳት።

ስለ ቤቱ ገዢ አግኝቻለሁ። ደህና ሰው ነው አሉ፣ ትንንሽ ልጆች አሉት። ቅዳሜ ግንቦት 30 ጠዋት በሦስት ሰዓት ሊያየው ይመጣል። ከወደደው የወሩ መጨረሻ ቀርቶ ሁለት ሳምንት እንኳ ጨምሬ እሰጥሃለሁ፤ ጨካኝ አይደለሁም። ግድግዳውን ኖራ ቀባው። የአልጋውን ፍራሽ አውጥተህ ጣል። መስኮቶቹን ከዋዜማው ጀምሮ ክፈታቸው።

ሰውየው የሚገባው በፊት ለፊት በኩል ስለሆነ ጤና ጣቢያው በር ላይ ያለው ሰልፍ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። ልጅህን እዚያ ቆማ እንዳያያት። የዚያን ቀን ጓዳ ትቀመጥ፣ አትሻገር። ለአንድ ቀን ነው፤ አንድ ቀን ብትዘል ምንም አትሆንም።

እትዬህ